ከሰማይ የተመለሰ ገብስ

ደብረ ታቦር፣ ጠዋት

ከመናኸሪያው ስንነሳ ጉም ወርዶ ነበር። ረዳቱ ለባዶ ጆንያዎቼ ሂሳብ ሊጠይቀኝ ቃጣው፤ በዓይኔ መለስኩት። የምሄደው ወደ ገሳይ ነው። ከዚያ ለሙከራ የወሰድነው የገብስ ዘር፣ የበርካታ አገር ተመራማሪዎች በጋራ ባመጠቁት ሳተላይት ከአይጥና ከዝንብ ጋር ምድርን ሲዞር ከርሞ ተመልሷል። እኩሌታው ለማነጻጸሪያ እዚሁ መሬት ላይ ቀርቶ ነበር። ክረምት ሲገባ ሁለቱንም ለዘሩ ባለቤት ለእማማ የሺ አስረክቤ፣ "ለየብቻ ይዝሩት" ብዬ ነበር። ዛሬ ዛላውን ለየብቻ ሰብስቤ ለተመራማሪዎቹ ልልክ ነው።

ገሳይ

ከአስፋልቱ ወርጄ በባሕር ዛፎቹ መሐል ሽቅብ ያዝኩ። ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል። ግራ ቀኙ ማሳ ታጭዶ አልቋል፤ የእማማ የሺ ገብስ ብቻ ደርቆ ቆሟል። ወፍ የሚጠብቅለት ሰው የለም፤ ግን አንድም ፍሬ አልጎደለም። ድንቢጦች ጉሙ ውስጥ ሲንጫጩ ይሰማኛል፤ እሱ ላይ ግን አያርፉም። ምን እደብቃለሁ፣ ፈራሁ።

እማማ የሺ ቤት

"የትኛው ነው ሰማይ የወጣው?" አልኳቸው ገና ሳልቀመጥ።

"ደባልቄዋለሁ፤ ከቤቱም ዘር ጋር።"

"እማማ፣ ምን ነካዎት?"

"ያን ያህል ዞሮ የመጣ እንግዳ ብቻውን ይደር? እንዲላመድ ብዬ ነዋ።"

ወይ ጉድ! ልፋታችንን ውሃ በላው። እሳቸውን የጨነቃቸው ግን ሌላ ነው። ጎረቤት "ሰማይ የደረሰ እህል አንነካም" ብሎ ለአጨዳ አልመጣላቸውም። የዓመት ቀለባቸው ማሳ ላይ ሊረግፍ ነው።

"ቢበሉት ምንም አይልም ብለኸኝ አልነበር?"

"አዎ፣ ምንም አይልም።"

በሰፌድ ቆሎ አቀረቡልኝ፤ ከዚያው ማሳ ዳር ቀጥፈው የቆሉት ነው። ቀና ስል በሩ በጎረቤት ተሞልቷል። መቼ እንደመጡ አልሰማሁም። ሁሉም እጄን ያያል።

"እንግዲያው ብላ፣ ልጄ።"

ዘገንኩ፤ ቆረጠምኩ። ቤቱ ውስጥ የጥርሴ ድምፅ ብቻ ይሰማል። ጣዕሙ የማውቀው የገብስ ቆሎ ነው። ስውጥ አንድ ሽማግሌ ትንሽ አዩኝና "ማጭድ አምጡ" አሉ።

ስሰናበት እማማ የሺ የተረፈውን ቆሎ ኪሴ ጨመሩልኝ።

ቤቴ

ጆንያዎቼ ባዷቸውን ተመለሱ። ለተመራማሪዎቹ እውነቱን እጽፍላቸዋለሁ። "ምንም አይልም" ስል የኖርኩት ሌላው ሰው እንዲበላ እንደሆነ የገባኝ ግን በዚህ ጉዞ ነው።

ቆሎውን ልጥለውም ልበላውም ሳልደፍር አደርኩ። ጠዋት ኪሴን ስፈትሽ የለም።

"ከኛው ቆሎ ጋር ደባለቅኩት፤ ብቻውን ምን ያደርጋል?" አለች ባለቤቴ።

ልጆቼ የቆሎውን ጣሳ ከበዋል። "ምንም አይልም" ማለት አቃተኝ። ቀድሜያቸው ዘገንኩ።