አልጋችን ቤት የገባበት ክረምት

ልጅ እያለሁ አዋሽ ላይ ቤት ውስጥ የሚተኛ ሰው ወይ የታመመ ነው ወይ የተኳረፈ። ሙቀቱ ስለማያስቀምጥ፣ ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል የባቡር ጣቢያው ሠራተኛ ሁሉ አልጋውን ደጅ ያወጣል፤ እናቶች መሬቱን ውሃ ይረጩታል፤ የረጠበው አቧራ ሽታ ከናፍታው ጋር ይደባለቃል። የእኛና የጋሽ ኪዳኔ አልጋዎች ጎን ለጎን ነበሩ። ጋሽ ኪዳኔ የአስመራ ሰው ነው፤ የአባዬ የሥራ ባልደረባ። ታላቅ ወንድሜን ሰለሞንን ብስክሌት ያስተማረው እሱ ነበር።

አባዬና ጋሽ ኪዳኔ ጋደም ብለው የሚከራከሩት ሁልጊዜ በአንድ ነገር ነው፤ ኤርትራ መገንጠል ይገባታል ወይስ አይገባትም። ዘመኑ የደርግ ነው፣ "ገንጣይ" መባል ያሳስራል፤ ስለዚህ በሹክሹክታ። አባዬ አገር ተቆርሶ አይሰጥም ይላል። ጋሽ ኪዳኔ ሕዝቡ ራሱ ይጠየቅ ይላል። እኛ ልጆቹ ክርክሩን እንደ ተረት እየሰማን እንቅልፍ ይወስደን ነበር።

ሰለሞን ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ወደዚያው ወደ ሰሜን ሲላክ ግን ነገሩ ጨዋታ መሆኑ ቀረ።

"ልጄ አገሩን ሊጠብቅ ነው የሄደው" አለ አባዬ።

ጋሽ ኪዳኔ፣ "ሊተኩስ የሄደው በእህቴ ልጆች ላይ ነው፣ ወንድሜ" አለው።

አባዬ ተነሣና አልጋችንን እየጎተተ ቤት አስገባ። ያን ክረምት በቆርቆሮው ሥር ተቀቀልን። እማዬ በሰፌድ እያራገበችን "እነሱ ተጣሉ፣ እኛ ተጠበስን" ትላለች፤ አባዬ ላቡን ይጠርጋል።

አንድ ማለዳ በራችን ተንኳኳ። ወሎዬው ባለሱቅ ጋሽ ይማምና ሁለት ሽማግሌዎች ቆመዋል፤ ከኋላቸው ጋሽ ኪዳኔ ነጠላውን አዘቅዝቆ ለብሷል። ጋሽ ይማም "አላህ ሰብሩን፣ ጽናቱን ይስጥህ" ብሎ ሳይጨርስ፣ አባዬ ሁሉንም አልፎ ከኋላ የቆመውን አየ።

"ኪዳኔ፣ ልጃችን ሞተ?" አለ።

ከዚያ ወዲያ ሁለቱ ስለ ኤርትራ ሲያወሩ ሰምቼ አላውቅም።

አሁን የምኖረው ሰመራ ነው። ካፌ ውስጥ ወጣቶች መገንጠል መብት ነው፣ አይደለም እያሉ ሲሟገቱ እሰማለሁ። ንግግር ያውቃሉ፣ ሁለቱም ወገን እውነት አለው፤ እኔ ግን ደክሞኛል። በቀደም አንዷ "እርስዎስ ምን ይላሉ፣ እናታችን?" ብትለኝ ሂሳቤን ከፍዬ ወጣሁ። እማዬ እስክትሞት ድረስ አንድ ቀን ሄጄ መቃብሩን አያለሁ ትል ነበር። ሰለሞን የተቀበረበት መሬት ዛሬ ሌላ አገር ነው።