ባዶ ክኒን ያዳነው ወገብ

አምና ክረምት ሲገባ ነው። ነርስ ሆኜ ብዙ ሞት አይቻለሁ፤ የራሴን ግን እንደዚያ ቀን ቀርቤው አላውቅም።

ነቀምቴ ውስጥ፣ ለቆየ የወገብ ሕመም መድኃኒት በሚሞከርበት ጥናት ላይ እሠራ ነበር። ግማሹ ታካሚ መድኃኒቱን፣ ግማሹ መልኩ ያው የሆነ ባዶ ክኒን ይወስዳል። ለማን የቱ እንደደረሰ እኛም አናውቅም። ይህን ለሁሉም አስረድተን አስፈርመናል። ግን «ባዶው የደረሰኝ እኔ ነኝ» ብሎ የሚያስብ ማን አለ?

ኦቦ ገመቹ የሚባሉ የአርጆ ገበሬ ነበሩ። ሦስት ዓመት ጎንበስ ማለት አቅቷቸው ታላቅ ወንድማቸው «ሥራ ጠልቶ ነው» እያሉ በአገሩ ሁሉ ስማቸውን አጠፉ። ክኒኑን በጀመሩ በሁለተኛው ወር እርፍ ጨብጠው አረሱ።

ጥናቱ አልቆ ዝርዝሩ ሲከፈት የእሳቸው ባዶው ሆኖ ተገኘ። ሐኪማችን «በባዶው የሚሻላቸውን ካልቆጠርን የመድኃኒቱን የራሱን ጉልበት አናውቅም» ይለን ነበር። እኔን ግን አሳቀኝ።

ውጤቱን ሊሰሙ ከወንድማቸው ጋር መጡ። ይኼ ምላሴ መቼ አርፎ ያውቃል! «ኦቦ ገመቹ፣ እርስዎን ያዳነዎት እኮ ባዶ ክኒን ነው» ብዬ ሳቅሁ።

ወንድማቸውም ከት ብለው ሳቁ። «አላልኩም? ሶባ! ድሮም ውሸቱን ነው!»

ኦቦ ገመቹ ዱላቸውን አነሡ። የመጀመሪያው የወንድማቸውን ግንባር ፈነከተ፤ ደም ግድግዳው ላይ ተረጨ። ሁለተኛው ክንዴ ላይ አረፈ፤ አጥንቴ ቀጭ ሲል በጆሮዬ ሰማሁት። ሦስተኛው ለጭንቅላቴ ነበር። ዘበኛው ከኋላ አንቆ ባይዛቸው ዛሬ ይህን አልጽፍም።

«ዶክተር፣ ሦስት ዓመት ሽንት ቤት በዳዴ ነው የሄድኩት! ይኼ ውሸት ነው?» እያሉኝ ያለቅሱ ነበር፤ ነርሱንም ዶክተር ነው የሚሉት።

ነገሩን ሽማግሌዎች ያዙት። ጀሶ የታሰረ ክንዴን አንጠልጥዬ፣ ይፈረድልኛል ብዬ ቀረብኩ። አንደኛው ሽማግሌ አዩኝና «ሰውየውን አሞት ነበር ወይስ አላመመውም?» አሉ።

«አሟቸው ነበር።»

«እንግዲያው ለወንድሙ ንገረው።»

አፈርኩ። «ሕመማቸው እውነት ነው፤ መዳናቸውም እውነት ነው። ባዶ የነበረው ክኒኑ ብቻ ነው» አልኩ። ወንድማቸው ግንባራቸው በፋሻ እንደተጠቀለለ ጎንበስ ብለው «ዲፋማ፣ ይቅር በለኝ» አሏቸው።

እኔም ተነሥቼ የሰበሩኝን ሰው ጉልበት ሳምኩ። ሰው «ተመትተህ አንተው ይቅርታ ጠየቅህ?» ይለኛል። አዎ፣ ጠየቅሁ። ክንዴ ድኗል፤ ያ ሳቄ ግን እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።