ሞተሬ ተከፍቶ የዋለበት ሐሙስ

ሞተር ሳይክሌ መንኳኳት የጀመረችው ከክረምቱ በፊት ነው። ጠዋት ሳስነሳት ከውስጧ ጣሳ ውስጥ ጠጠር የሚያንቀጫቅጩ ዓይነት ድምፅ ይወጣል፤ ስትሞቅ ደግሞ ይቀንስና ያዘናጋኛል። የከብት ሐኪም ነኝ። ከዓለም ባንክ ሰፈር እስከ ሳንሱሲ በየግቢው የታሰሩ የወተት ላሞችን የማክመው በዚያች ከእኔ በፊት ሁለት ሰው በነዳት አሮጌ ሞተር ነው። እሷ ቆመች ማለት እኔ ቆምኩ ማለት ነው፤ መቆም ደግሞ አልችልበትም። ቁጭ ብዬ መጠበቅ የሚባል ነገር ከልጅነቴ ጀምሮ ያመኛል።

ኮልፌ፣ ከቤቴ ሦስት ግቢ አለፍ ብሎ፣ ጋሼ የምላቸው፣ ዕድሜያቸውን ጋራዥ ውስጥ የጨረሱ ጡረተኛ መካኒክ አሉ። ዓይናቸው ደክሞ ሰው የሚለዩት በድምፁ ነው። አንድ ቀን በበራቸው ሳልፍ አስቆሙኝ። የካቻቢቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ካዳመጡ በኋላ የታይሚንግ ሰንሰለቱ ተበልቶ እንደረዘመ ነገሩኝ። ከላይ ያሉትን ቫልቮችና ከታች ያለውን ፒስተን እኩል የሚያስኬደው እሱ ነው፤ አንድ ቀን ጥርስ ከዘለለ ቫልቭና ፒስተን ይጋጩና ሞተሩ አለቀለት። እሳቸው ማየት ስለማይችሉ እኔ እጅ ልሆን፣ እሳቸው ሊመሩኝ ተስማማን። ከዚያ በኋላ ዛሬ ነገ እያልኩ ሁለት ወር ነዳኋት።

አንድ ሐሙስ ጠዋት አዲሱን ሰንሰለት ይዤ ግቢያቸው ገባሁ። ልቤ ግን ሌላ ቦታ ነበር። ሳንሱሲ፣ ባላቸው የሞቱባቸውና ወተት ሸጠው የሚተዳደሩ ሴትዮ፣ የመጀመሪያ ጥጃዋን የምትጠብቅ ጊደር አለቻቸው። በማለዳ ደውለው ጡቷ እንደሞላ ነግረውኛል። ምጥ ሲጀምራት ይደውሉልኝ፣ ወዲያው እመጣለሁ ብያቸው ነበር።

ክዳኖቹን ፈታሁ፣ ብሎኖቹን ትሪ ላይ ወረወርኩ። ጋሼ በድምፁ አውቀው በየተራ እንዳስቀምጣቸው ነገሩኝ፤ እሺ አልኩና ወረወርኩ። አሮጌውን ሰንሰለት ሳወጣው ተቀብለው በጎኑ አጋድመው ያዙት፤ እንደ ገመድ ተንጠለጠለ። አዲሱን እንደዚያው ሲይዙት ቀጥ አለ። ሁለት ወር ሙሉ በምን ላይ ተቀምጬ እንደከረምኩ ያኔ ገባኝ።

አምስት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። ሴትዮዋ ነበሩ፤ ጊደሯን ምጥ ይዟታል፣ ውሃው ፈስሷል። መጣሁ አልኳቸው። ጋሼ የምናወራውን ሰምተው ነበር።

«ሂድ። ሞተሩ የትም አይሄድም» አሉኝ።

ሃያ ደቂቃ ብቻ ነው የቀረኝ አልኳቸው። ከልቤ አምኜበትም ነበር። የመጀመሪያ ወሊድ ጊዜ ይወስዳል፤ በታክሲ ከምንከራተት ሰንሰለቱን ገጥሜ በሞተሬ እበርራለሁ ብዬ አሰብኩ።

ሰንሰለቱ ሲገባ በታችኛው ጥርሳም ጎማ ላይ ያለው ጭረት ከሞተሩ አካል ምልክት ጋር፣ በላይኛው ላይ ያለው ነጥብም ከራሱ ምልክት ጋር መግጠም አለበት። የታችኛው ገጠመ። የላይኛው ትንሽ፣ በጣም ትንሽ ዘወር ያለ መሰለኝ። ጎንበስ ስላልኩ ነው አልኩ ለራሴ። ምልክቱ ገጥሞ እንደሆነ ሲጠይቁኝ ገጥሟል አልኳቸው። የሰንሰለቱን መወጠሪያ አስሬ እግሬን መርገጫው ላይ ሳሳርፍ ክንዴን ያዙኝ፤ መጀመሪያ በቁልፍ፣ በእጄ ቀስ ብዬ እንዳዞረው ነገሩኝ። አዞርኩ። ሁለተኛው ዙር ላይ አንድ ነገር ገጭ ብሎ ያዘኝ። እጃቸውን እጄ ላይ አደረጉ።

«አትግፋ። ቫልቩ ነው።»

በእግሬ ረግጬው ቢሆን ኖሮ አጣምሜው ነበር። ገጥሟል ያልኩት ምን አይቼ እንደሆነ አልጠየቁኝም። በዚሁ መሃል ስልኩ እንደገና ጮኸ። አንድ እግር ብቻ ነው የሚታየው፣ ጊደሯም ተኝታለች አሉኝ ሴትዮዋ።

እጄን እንኳ በደንብ ሳልታጠብ ቦርሳዬን ይዤ ወደ አስፋልቱ ሮጥኩ። በሳንሱሲ አቅጣጫ ወደ አስኮ የሚሄደው ታክሲ እስኪሞላ ቆመ፣ ሲንቀሳቀስ ደግሞ መንገዱ ተዘጋጋ። መቀመጥ አቅቶኝ ወርጄ በእግሬ ስፈጥን መንገዱ ተከፈተና ያው ታክሲ አልፎኝ ሄደ።

ስደርስ ጎረቤቶች በረቱን ከበውታል። የጥጃው አንድ እግር ወደ ኋላ ታጥፏል። ወደ ውስጥ መለስኩት፣ እግሩን አቃናሁት፣ ሦስት ሆነን ሳብነው። ወንድ ጥጃ ነበር። በጭድ አሸሁት፣ አፍንጫውን ጠረግሁለት፣ ደረቱን ጫንኩት። አልተነፈሰም። እናቱ ከግማሽ ሰዓት በኋላ በእግሯ ቆመች።

ሴትዮዋ ውሃ አምጥተው አስታጠቡኝ። እንዲያው ዝም ብዬ መሄድ እችል ነበር። ግን መጀመሪያ ሲደውሉልኝ መነሳት ስችል ሞተሬን ስጠግን እንደቆየሁ ነገርኳቸው። ጆጉን መሬት ላይ አስቀመጡት።

«እንደምትዘገይ ብትነግረኝ ሌላ ሐኪም እጠራ ነበር» አሉኝ። ድምፃቸውን አላነሱም።

ቅዳሜ ወደ ጋሼ ተመለስኩ። ሞተሩን አቧራ እንዳይገባበት በጨርቅ ሸፍነውታል። የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። ላሟ ደህና መሆኗን ጠየቁኝ፤ ቆማለች፣ ትበላለች አልኳቸው። ከዚያ ቁልፉን አቀበሉኝ።

ሰንሰለቱን አንድ ጥርስ አዛውሬ ገጠምኩት። ምልክቱ ገጥሞ እንደሆነ ሲጠይቁኝ ተንበርክኬ ዘይቱን ጠረግሁ፣ በስልኬ መብራት አየሁት። አሁንም ጥቂት ይቀረዋል።

«አልገጠመም» አልኳቸው።

«እንግዲያው ፍታው።»

ፈታሁት። ሰውነቴ ሁሉ ተነስ ተነስ ይለኝ ነበር፤ አልተነሳሁም። በሚቀጥለው ሙከራ ሁለቱም ምልክቶች ልክ ቦታቸው ላይ አረፉ። በቁልፍ አራት ዙር አዞርኩት፣ ምንም አልያዘኝም። ስረግጠው ተነሳ፤ ያ መንቀጫቀጭ ጠፍቷል።

በቀጥታ ሳንሱሲ ሄድኩ። ሴትዮዋ በሩን ከፈቱልኝ። የላሟን ሙቀት ለካሁ፣ መርፌዋን ወጋኋት፣ ነገም እንደምመጣ ነገርኳቸው።

«ካልመጣህ ደውልልኝ» አሉኝ።

በማግሥቱ ስምንት ሰዓት እደርሳለሁ ያልኩት ቤቴል ባለች ሌላ ላም ምክንያት ወደ ዘጠኝ ገፋ። ከመንገድ ዳር ቆሜ ደወልኩላቸው።