ቅዳሜ የመጡት አጫጆች

እቴነሽ ሰው አስቸግራ የማታውቅ ሴት ናት። በጋፋት አካባቢ የማን ልቅሶ፣ የማን ድግስ ያለ እሷ አልፎ ያውቃል? ዘንድሮ ግን ጉድ መጣባት! ባሏ ይርጋ ከበሬ ጋር ሲታገል ወድቆ ወገቡን ተጎዳና መደብ ላይ ቀረ። ጤፉ ደርሷል፤ በኅዳር ሰማይ የማያምር ደመና አንዣቧል፤ ጎረቤቱም የየራሱን እህል ለማንሳት ይራወጣል።

ይህን የሰማ አንድ የደብረ ታቦር የበጎ ፈቃደኞች ማኅበር ደረሰላት። ዘጠኝ ናቸው፤ አስተማሪም የቢሮ ሠራተኛም አለበት፣ መሪያቸው ትዝታ የምትባል ነርስ ናት። ማጭድ ይዘው ማሳው ዳር ሲደርሱ እቴነሽ ክው አለች። ቀኑ ቅዳሜ ነዋ!

"እትዬ፣ ከየት እንጀምር?" አለች ትዝታ።

"ልጄ፣ ዛሬ እኮ ሰንበት ነው።"

"እኛ ደግሞ ከቢሮ የምናርፈው ዛሬና ነገ ብቻ ነው።"

ጎረቤቷ ቢያድግልኝ ከአጥሩ ማዶ ሰማ። "እንዴ እቴነሽ! ሰንበት ሽረሽ በረዶ ልትጠሪብን ነው? የከተማው ሰው ቤቱ ይገባል፤ በረዶው የሚወርደው በኔ ስንዴ ላይ ነው!"

እቴነሽ ተጨነቀች፣ ተጠበበች። ብታሳጭድ ከአገሩ ጋር ልትቆራረጥ፤ ባታሳጭድ የዓመት ጉርሷ ሊረግፍ። በመጨረሻ፣ "እግዜር ይስጣችሁ፤ ማጭዱን አኑሩት" አለች።

እነሱም እንዲያው አልተመለሱም። ትዝታ ይርጋን አገላብጣ፣ መኝታ ያወጣበትን የጀርባ ቁስል አጥባ አሸገችለት። ሌሎቹ ከበው አጫወቱት።

"ዘጠኝ አጫጅ መጥቶ አንዲት ዘለላ አትታጨድ!" ብሎ ይርጋ ሳቀ፤ ከወደቀ ወዲህ የመጀመሪያ ሳቁ።

እሑድ ከሰዓት ዝናቡ ወረደ። ሰኞ ማለዳ ጤፉ መሬት ላይ ተኝቷል። ሌሎቹን ሥራ ስለያዛቸው ትዝታ ፈቃድ ጠይቃ ብቻዋን መጣች። ሁለቱ ሴቶች ጎንበስ ብለው ገና አንድ ነዶ ሳያስሩ፣ ቢያድግልኝ ከነሚስቱ፣ ከነወንድሞቹ ማጭድ ይዞ ከች አለ።

"የራስህ ስንዴስ?" አለችው እቴነሽ፣ ቀና ሳትል።

"ይቆያል። ቅዳሜ አፌን ከፍቼ ከልክዬሽ፣ ሰኞ እጄን አጣጥፌ ልይሽ? እንኳን እግዜር ሚስቴም አትምረኝ!"

ትዝታ ሳቀች፤ እቴነሽ አልሳቀችም። ታጭዶ ሲያበቃ የተገኘው ከግማሽ አይበልጥም፤ ቀሪው ጭቃ ውስጥ ረግፏል።

"እስከ መቼ ያደርሳችኋል?" አለች ትዝታ።

"ቢቆጠብ፣ እስከ ግንቦት።"

"ከዚያ ወዲያስ?"

ቢያድግልኝ ጭቃውን ከእጁ እየጠረገ፣ "የኔ ስንዴ ከተረፈ እኔ አለሁ" አለ።

"ከተረፈ" አለች እቴነሽ። "እንግዲያውስ ነገ ማልጄ ካንተ ማሳ ነኝ።"