ለአልማ አታ ጉዞ የተማርናቸው ቃላት

ወተት ገንፍሎ ምድጃ ላይ ሲያር የሚወጣውን ሽታ እስከ ዛሬ አልወደውም። ትናንት እዚህ ጄኔቭ አጠገብ ላንሲ፣ ቤቴ ስልክ ሳወራ ገነፈለብኝና በዚያ ብርድ መስኮቱን ሁሉ በረገድኩት። ጎረቤቴ ደንግጣ «ምን ሆንሽ?» ብላ መጣች። ለእሷ ምን ልበላት? ላንቺ ግን ልንገርሽ፤ ይህን ሽታ ለምን እንደምጠላው ስንት ጊዜ ጠየቅሽኝ።

ያ ሽታ ዙሪክ፣ ኦርሊኮን የሚባል ሰፈር ይኖሩ የነበሩ የአንድ ሽማግሌ ቤት ሽታ ነው። ካዛክ ናቸው። ለሶቪየት ሲዋጉ በጀርመኖች ተማርከው፣ ጦርነቱ ሲያልቅ አገራቸው መመለስ ፈርተው፣ ዙሪክ ገብተው ፋብሪካ ውስጥ ብረት ሲቆርጡ ያረጁ ሰው። ሻይ በወተት ያፈሉና ጨው ይጨምሩበታል። ጨው! ያኔ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነው፤ በየቅዳሜው ትንፋሼን ይዤ እጠጣው ነበር።

እዚያ ምን ወሰደን? ወንድሜ ነዋ። አባዬ ጄኔቭ ሥራ አግኝቶ ከአዲስ አበባ ስንወጣ፣ ታላቅ ወንድሜ የትምህርት ዓመቱን እንዲጨርስ አክስቴ ጋ ቀረ። ጥቂት ወር ነው ተባለ። በዚያው ደርግ መጣና መውጫ አጣ። ከዓመታት በኋላ ወደ ሶቪየት ኅብረት ለትምህርት ከተላኩት ልጆች ጋር ተላከ፤ የደረሰውም የካዛኮች ዋና ከተማ፣ አልማ አታ። እማዬ ካየችው ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። ካርታው ላይ ከተማውን ፈልጋ «እዚህስ መግባት ይቻላል» አለች።

ከዚያ አንድ ደብዳቤው ላይ «እዚህም እናት አግኝቻለሁ» ብሎ ጻፈ። የዶርም ጓደኛው እናት ናቸው። እሑድ እሑድ እየጠሩ ያበሉታል፣ ካልሲውን ይጠግኑለታል፤ ከካዛክኛ በቀር ሌላ ቋንቋ አያውቁም። እማዬ ደብዳቤውን አጥፋ «እናት አገኘ አሉ» አለች። ቀንታለች። በማግስቱ ግን «ያቺን ሴት በገዛ ቋንቋዋ ሳላመሰግን አልቀርም» ብላ ተነሳች። ሽማግሌውን የአባዬ ባልደረባ አገኘልን። እሳቸው ፈረንሳይኛ አይችሉም፤ ጀርመንኛ ደግሞ ከእኛ ቤት በትምህርት ቤት የምማረው እኔ ብቻ ነኝ። ስለዚህ እማዬ በአማርኛ ትላለች፣ እኔ በጀርመንኛ እጠይቃለሁ፣ እሳቸው በካዛክኛ ይሉታል፣ እኔ በፊደላችን ደብተር ላይ እጽፋለሁ።

«ራህሜት» ማለት አመሰግናለሁ። «ሜን ኦኑንግ አናሰምን» ማለት እናቱ ነኝ። ይቺን ሁለተኛዋን እማዬ ያኔ ጄኔቭ፣ ሻትሌን ሰፈር በነበረው ቤታችን ሰሃን ስታጥብ ትላታለች፣ አውቶቡስ ስትጠብቅ ትላታለች። አባዬ «ኧረ ተይ፣ ሴትዮዋ ሰልችቷቸው ያባርሩሻል!» እያለ ይስቅባት ነበር።

ጉዟችን ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ አንድ ቅዳሜ አባዬ እማዬን «አንቺ ዛሬ እረፊ፣ እኛ እንሄዳለን» አላት። ባቡሩ ውስጥ ሦስት ሰዓት ሙሉ ጋዜጣ ዘርግቶ ገጹን አይገልጥም። ሽማግሌው ሻዩን ሲቀዱልን ጉሮሮውን ጠረገና፣ እኔን ሳያይ፣ «መቃብሩ የት ነው ለማለት ምን እንደሚባል ጠይቂልኝ» አለ።

«የማን መቃብር?» አልኩት። ሞኝ!

«ጠይቂልኝ ብቻ፣ ልጄ።»

መቃብር በጀርመንኛ ምን እንደሚባል አውቅ ነበር፤ ምነው ባላወቅኩ። ጠየቅኩ። ሽማግሌው ማንኪያቸውን አስቀመጡ። ምድጃው ላይ ወተቱ ገነፈለ፤ ማንም አልተነሳም። አባዬ እዚያ ስንደርስ ሴትዮዋን የሚጠይቃቸውን ሁሉ ወረቀት ላይ ጽፎ ነው የመጣው። ሲሞት ማን አጠገቡ ነበር? ማን ገነዘው? ምን ተናገረ? አንድ በአንድ አስተረጎምኩ። የወንድሜን ሞት እንዲህ ነው የሰማሁት፤ ራሴ እየተናገርኩት፣ በባዕድ ቋንቋ።

ለካ አብረውት የተላኩት የአገራችን ተማሪዎች ደብዳቤ አባዬ ቢሮ ከደረሰ ወር አልፎታል። ሳንባው ነው። ለምን ደበቀ ትዪኛለሽ? እዚህ አገር መርዶ እንዴት ተደርጎ ይረዳል? በማለዳ በር የሚያንኳኳ ሽማግሌ የለ፣ አብሮ የሚያለቅስ ጎረቤት የለ፤ ጮክ ብለሽ ብታለቅሺ ከታች ያለው ሰውዬ ፖሊስ ይጠራል። «እዚያ ጓደኞቹ አሉ። እናትሽ መቃብሩ ላይ፣ ከሰው ጋር ታልቅስ» አለኝ። ሽማግሌው ይህን ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። በእነሱም አገር ሞት በድንገት አይነገርም፤ ትልልቅ ሰዎች ተሰብስበው ነው አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ይሄ የልጅ ሥራ አልነበረም» አሉኝ። ይህን ለአባዬ አላስተረጎምኩለትም።

ሁለት ሳምንት ከእማዬ ጋር አንድ ማዕድ በላሁ። «ሜን ኦኑንግ አናሰምን፣ ልክ ነኝ?» ትለኛለች። ልክ ነሽ እላታለሁ። ሹራብ ገዝታለት «አሁን ደረቱ ሰፍቶ ይሆናል» እያለች አባዬ ጀርባ ላይ ትለካዋለች። እኔ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ውኃ ከፍቼ አለቅሳለሁ።

አልማ አታ በማለዳ ደረስን። ካፊያ ነበር። ተማሪዎቹ ጥቁር ለብሰው እንዳይመጡ አባዬ ጽፎላቸዋል፤ ለሴትዮዋ ግን ማን ይንገር? እማዬ ከሩቅ ለይታቸው ሮጠችና «ሜን ኦኑንግ አናሰምን» አለች፣ አጥርታ። ሴትዮዋ አንገቷ ላይ ተጠምጥመው፣ አውሮፕላን ማረፊያው መሐል፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አለቀሱ። እማዬ ቀስ ብላ ከእቅፋቸው ወጣች። «ልጄስ?» አለች በአማርኛ።

ከመቃብሩ ስንመለስ አባዬን ከሆቴሉ ክፍል አስወጣችው። «ከወር በላይ እየሳቀ!» አለች። ከዚያ አገጬን ይዛ «አንቺም ታውቂ ነበር?» አለችኝ። አስተያየቷን አልረሳውም። አንድ ያላታለላት ሰው ትፈልግ ነበር፤ አንድ ብቻ።

«አላውቅም ነበር» አልኳት።

«አንቺማ አታደርጊውም» ብላ ደረቷ ላይ ለጠፈችኝ።

አባዬን ከዚያ ወዲያ አላመነችውም። ሃያ ዓመት አንድ ጣሪያ ሥር ኖሩ፤ ከ«ራት ቀርቧል» ያለፈ ቃል አልሰጠችውም። እንግዳ በመጣ ቁጥር ግን እኔን አቅፋ «በዚህ ቤት ዋሽታኝ የማታውቅ ይቺ ብቻ ናት» ትላለች። አባዬ እዚያው ተቀምጦ ይሰማል። «እሷም ታውቅ ነበር» ቢል ቂሙ ለሁለት ይከፈል ነበር። አላለም። ወደ እኔ እንኳ ቀና ብሎ አያይም።

ቂሟን ብቻውን ተሸክሞ ሞተ። የቀብሩ ዕለትም እኔ ከአስከሬኑ ኋላ፣ ከእማዬ ጋር ክንድ ለክንድ ተያይዤ፣ በእሷ ወገን ሄድኩ።