የወጣው እጢ የት ይሄዳል

«አንቺ የሆድሽ ሁሉ ፊትሽ ላይ ነው። በሽተኛ አጠገብ አትቁሚ» አለችኝ የኦፕራሲዮን ክፍሉ ኃላፊ ሲስተር፣ እንጅባራ ሆስፒታል ሥራ በጀመርኩበት ቀን። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ የተቀጠርኩት ለፅዳትና ለመላላክ ነው።

ደም እጠርጋለሁ፤ ጋውን አጥባለሁ። የወጣው እጢ እንዳይበሰብስ ፎርማሊን ውስጥ ተከትቶ ሲሰጠኝ ለቤተሰብ አስረክባለሁ፤ ምርመራው ባሕር ዳር ስለሆነ ይዘውት የሚሄዱት እነሱ ናቸው። የተከራየሁበት ግቢ ሴቶች ይህን ከሰሙ ወዲህ ከእኔ ጋር አንድ ትሪ አይቀርቡም። ብቻዬን እበላለሁ።

ያየሁትን ልናገር። እጢ ስላላመመ ደህና ነው ማለት አይደለም። ሰው ግን አሳሽቶት፣ በእሳት አስተኩሶት፣ ካደገ በኋላ ይመጣል። ሐኪሙ በዙሪያው ያለውን ደህና ሥጋም ጨምሮ ሲያወጣ ቤተሰቦች «ምነው ይህን ያህል ቆረጠው?» ይላሉ። ቁስሉ ከእብጠቱ የሚሰፋው ሥሩ እንዳይቀር ነው።

አንዷ አስታማሚ ደግሞ መኪና ውስጥ ሸተተኝ ብላ ፎርማሊኑን ደፍታ ውኃ ሞላችበት። ሥጋው በሰበሰ፤ ውጤትም አልተገኘ።

ከዘንገና በኩል የመጡ አንድ ሽማግሌ ከጭናቸው ትልቅ እጢ ወጣላቸው። ያመጣቸው ጎረቤት ለአጨዳ ተመልሷል። አማርኛ ብዙም ስለማይሆንላቸው ሲስተሯ ራሷ ጠራችኝ፤ በአገውኛ አወራን።

«ሥጋዬን ስጪኝ» አሉኝ።

«ምን ሊያደርጉት?»

«አስቀብረዋለሁ። አካሌ አይደለም?»

«ከተቀበረ ክፉ ይሁን ደህና በምን ይታወቃል?»

«ወጣ እኮ። ከወጣ ወዲያ ምን አገባኝ?»

«ሥሩ ቀርቶ ከሆነ ያገባዎታል፣ አባባ።»

ትኩር ብለው አዩኝ። «አግብተሻል?»

«አላገባሁም።»

«በዚህ አፍሽ ማን ያገባሻል!» ብለው ሳቁ፤ ስፌቱ ሲይዛቸው ተዉት። «ክፉ ከሆነስ?»

«እንደገና ሊቆርጡ ይችላሉ። ወይ ወደ ትልቅ ሆስፒታል ይልኩዎታል።»

ወደ ግድግዳው ዞሩ። «ማን ይወስደዋል? ሰው የለኝም» አሉ።

«ነገ እረፍቴ ነው። እኔ እወስደዋለሁ።»

ሲስተሯ በር ላይ ቆማ ኖሮ ምን እንዳልን ጠየቀችኝ፤ ስነግራት «ሥራሽ አይደለም» አለች። ወደ ሽማግሌው ዞርኩ።

«ሲጨርሱ ይመልሱልኝ፤ ለቀብሩ» አሉ ሽማግሌው።

«እጠይቃለሁ። ይሰጡኛል ግን አልልዎትም።»

«እሺ፣ ውሰጂው።»

በማግስቱ ጠዋት መናኸሪያ ሄጄ የባሕር ዳር ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። እጢው ያለበትን እቃ በፌስታል ጠቅልዬ፣ እንዳይጋደል ጉልበቴ መሃል ይዤዋለሁ።

«ምንድን ነው እሱ? ዘይት ከሆነ ከላይ ይጫን» አለ ረዳቱ።

«ከሰው የወጣ እጢ ነው። ለምርመራ።»

አጠገቤ የነበረችው ሴት ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ ወደ ኋላ ተዛወረች። ረዳቱ በባዶው ወንበር የሚቀመጥ ሰው ለማግኘት «ዳንግላ! ባሕር ዳር! አንድ ሰው!» እያለ ቢጣራም፣ ገባ ያለው ሁሉ ወሬውን እየሰማ ወረደ።

መጨረሻ ላይ በሩን ዘጋው። ሄድን።