የታደሰው ሞተር

ዘነበወርቅ ሰፈር ካለ ጋራዥ የናፍጣ ሽታ ሲመጣብኝ፣ በልጅነቴ የአባቴ የጭነት መኪና ሞተር ግቢያችን ውስጥ ተፈታትቶ የታጠበበት ሳምንት ትዝ ይለኛል። ዓባይ በረሃ ቁልቁለቱ ላይ ሞተሩ ጠፍቶበት አባቴ ለጥቂት ነበር የተረፈው። እናቴ ሌላ ሞተር ይገዛ ብትልም፣ ሽማግሌው መካኒክ ጋሽ በለጠ "ብረቱ ገና ጤነኛ ነው" ብለው አደሱት።

አባቴ በሚወጣበት ጠዋት ሞተሩ እየተንቀጠቀጠ ተነሳ። እናቴ የግቢው በር ላይ ቆማ መንገድ ዘጋች። እኔ የቀሚሷን ጫፍ ጨብጫለሁ።

"ጋሽ በለጠ፣ የራስዎን ልጅ በዚህ መኪና ላይ ያሳፍራሉ?" አለቻቸው።

እሳቸው ግራሶ የጠጣ እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ። ከዚያ አባቴ አጠገብ ወጥተው ተቀመጡና፣ "እኔው አብሬው ዓባይን እወርዳለሁ። በይ በሩን ልቀቂልን፣ ልጄ" አሏት።

በደህና ተመለሱ። ዛሬም ግን ከባድ መኪና በሰፈራችን ሲያልፍ፣ እናቴ ወሬዋን አቋርጣ ድምፁ እስኪርቅ ታዳምጣለች።